ከአሥራ አንዱ አንዷ

መጀመሪያ የሰማሁት አውራውን ዶሮ ነው። ንጋት ላይ የሚጮኸውን ጩኸት አይደለም፤ እሱን ለምጄዋለሁ፣ አይቀሰቅሰኝም። ይሄኛው አጭር አጭር፣ ችኩል ችኩል የሚል፣ ጥሬ ሲያገኝ ሴቶቹን የሚጠራበት ድምፅ ነበር። «ቁቅ፣ ቁቅ፣ ቁቅ።» ዝናቡ ካባራ ሩብ ሰዓት አልሞላውም። ከቆርቆሮው ጫፍ ጠብታ አሁንም ባልዲው ውስጥ ጠብ ይላል። እኔ አልጋዬ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ ጣሪያ እያየሁ ነበርና፣ በዚህ ጭቃ ላይ ማን ጥሬ ይበትንላቸዋል ብዬ አሰብኩ። ማንም አይበትንም። ታዲያ ምን አግኝቶ ነው የሚጠራቸው?

ሲገባኝ በአንድ እግሬ ነጠላ ጫማ፣ በሌላው ባዶዬን ወጣሁ።

ያሰብኩት ልክ ነበር። ከውሃ ቆጣሪው ሥር ካለችው ቀዳዳ ጉንዳኖቹ እየወጡ ነው፤ ክንፋሞቹ። ሠራተኞቹ ጠርዝ ላይ ተሰልፈው የሚጠብቁ ይመስላሉ፤ ክንፋሞቹ በመሃላቸው እየተጋፉ ይወጣሉ፣ ግድግዳው ላይ ይወጣሉ፣ ክንፋቸውን ያራግፋሉ፣ ይነሳሉ። ፀሐይዋ ከደመናው ሥር ብቅ ብላ ስለነበር ሁሉም ያብረቀርቃሉ። አውራው ዶሮ ከሥራቸው ቆሞ ከግድግዳው ላይ እየለቀመ፣ አንዱን ውጦ በሌላው ሴቶቹን ይጠራል። አራቱ ሴት ዶሮዎች እየተንደረደሩ መጡ።

«እትዬ ተሻለች! ዶሮዎቹን! እባክዎ ዶሮዎቹን ያስገቡልኝ!»

እትዬ ተሻለች የግቢው ባለቤት ናቸው። በረንዳቸው ላይ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ብቅ አሉ።

«ምን ሆነህ ነው የምትጮኸው? ማን ሞተ?»

«ንግሥቶቹን እየጨረሷቸው ነው!»

«የምን ንግሥት አመጣህብኝ ደግሞ። አሸን ነው፤ ይብሉ እንጂ! እግዜር የሰጣቸውን ሥጋ ልንጠቃቸው?»

«ትናንት እዘጋቸዋለሁ ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ብዬህ ነበር። በረቱ ውሃ ገባበታ! ዶሮ ዋና ይችላል እንዴ?» ብለው እየሳቁ ገቡ።

ሰው ሁሉንም አሸን ይለዋል። ዝናብ ጥሎ ፀሐይ ሲወጣ የሚበር ነገር በሙሉ አሸን ነው፤ ምስጡም፣ ጉንዳኑም። እኔ ግን የእነዚህን ዓይነት ሌላ ቦታ አላየሁም። ጥቁር ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ ወርቅማ ፀጉር አላቸው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት አቧራ የነካው ከፋይ ይመስላል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ የመጣ ቀን ከሰው ሸሽቼ ቆጣሪው አጠገብ ቁጭ ባልኩበት ነው ያገኘኋቸው። አራት ዓመት ሆነኝ። ቤቴል ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ልሠራ ከመሄዴ በፊት በየጠዋቱ አያቸዋለሁ፤ ስመለስም አያቸዋለሁ። ምን እንደሚያጓጉዙ፣ በስንት ሰዓት እንደሚገቡ፣ የሞተባቸውን የት ወስደው እንደሚጥሉ አውቃለሁ።

ነገ ጠዋት ጉዲሳ የሚባለው ግንበኛ ሁለት ሠራተኛ ይዞ ይመጣል። አሸዋው ከበሩ አጠገብ ተከምሯል፤ ሲሚንቶው በላስቲክ ተሸፍኖ በረንዳው ላይ ተደርድሯል። እትዬ ተሻለች ጭቃ ሰልችቷቸዋል፤ ክረምቱ ጠንክሮ ሳይገባ ግቢውን ከበር እስከ ጓሮ ሊሾ ሊያስደርጉት ነው። የቆጣሪው ዙሪያ ብቻ ይቅርልኝ ብዬ ለምኛቸው ነበር። «ለጉንዳን ብዬ ግማሽ ሊሾ ላሰራ? ሰው ምን ይለኛል?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ሰው ምን ይላቸዋል?

ስለዚህ የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ ከዚህ ጎጆ የወጣች አንዲት ንግሥት። አንዷ ትበቃኛለች። እሷ ካለች ልጆቿን ትወልዳለች፤ ዘሩ ከሲሚንቶ ሥር አይቀርም። ከመስተዋት ቤት ቁርጥራጭ ለምኜ የሠራሁት ሳጥን አልጋዬ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃታል።

አምና ሞክሬ ነበር። ያኔ አላዋቂ ነኝ። ከቀዳዳው አፍ ላይ ሰባት ክንፋሞች ያዝኩ፤ እያንዳንዷን በሲሪንጅ ውስጥ አስገባሁ፣ ከጥጥ ጀርባ ውሃ አደረግሁላት፣ ጨለማ ውስጥ አስቀመጥኳት። ሁለት ወር ጠበቅሁ። ሠራተኛ የወለደች የለችም፤ ሰባቱም አንድ በአንድ አለቁብኝ። በኋላ ነው ዩቲዩብ ላይ ነገሩ የገባኝ። ንግሥቷ መጀመሪያ መብረር አለባት። አየር ላይ ከወንዶቹ ጋር ትገናኛለች፤ ከዚያ መሬት ትወርዳለች፣ ክንፏን ራሷ ጥላ ጉድጓድ ፍለጋ ትሮጣለች። እሷ ናት የምትያዘው። ከመብረሯ በፊት የተያዘች ሴት ሙሽራ ሳትሆን የቀረች ናት፤ ብትኖርም ለብቻዋ ኖራ ትሞታለች።

እና አሁን እየበረሩ ነው። እኔ ደግሞ ዶሮ እያባረርኩ ነው።

«ታዲ፣ ምን ልርዳህ?»

ሃፊዛ ናት። በግቢው የመንገድ ዳር ክፍል ልብስ ትሰፋለች፤ አንዱ በሯ ወደ መንገድ፣ ሌላው ወደ ግቢ ነው። ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል ሳጥኑን አይታ ያልሳቀች እሷ ብቻ ናት። «ጨለማ ከሆነ የሚወዱት፣ መጋረጃ ያስፈልጋቸዋላ» ብላ ጥቁር ጨርቅ ለክታ ሰፍታልኛለች።

ክንፋሞቹ ከአጥሩ በላይ እየሆኑ ነው። ንፋሱ ወደ አስፋልቱ ይዟቸው ይሄዳል። የሚወርዱት እዚያ ነው፤ መሮጥ አለብኝ። የማርማላታ ጠርሙስ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት።

«ክንፍ የሌላት። ትልቅ፣ ክንፍ የሌላት ካየሽ እዚህ አስገቢልኝ። ክንፍ ያላት ምንም አታደርግልኝም።»

«ክንፍ የሌላት። ገባኝ» አለች።

እኔም ገባት ብዬ ወጣሁ።

ወደ አጠና ተራው የሚወስደው መንገድ ላይ ጎንበስ ብዬ መሄድ ጀመርኩ። ሰው ቀና ብሎ የሚያየውን እኔ መሬት ላይ ነው የምፈልገው። የመጀመሪያዋን ባጃጅ ጨፈለቃት፤ ከጎማው ሥር ስትገባ ዓይኔ እያየ። ሁለተኛዋ ኩሬ ውስጥ ገብታ በክንፏ ተንሳፍፋ ነበር፤ ክንፍ ስላላት ተውኳት። ትንሽ ሄድ ብዬ፣ ብትደርቅስ፣ ራሷ ብትጥለውስ ብዬ ተመለስኩ። ኩሬው ላይ መኪና አልፎበት ውሃው የለም፤ እሷም የለችም።

ፌርማታው ጋ የቆሙ ሦስት ልጆች፣ የኔ እኩያዎች፣ አዩኝ።

«ጀለስ፣ ምን ጠፋህ?»

መሬቱን ማየቴን ቀጠልኩ።

«ሲም ካርድ ነው? እንፈልግልህ?»

«ጉንዳን ነው» አልኩ። ለምን እውነቱን እንደተናገርኩ አላውቅም። ደክሞኝ መሰለኝ።

ተያዩ። አንደኛው በጣም በቁም ነገር ጠየቀኝ፣ «ስሟ ማነው? እንጥራልህ?»

ሁለቱ ተደጋግፈው ሳቁ። አንዱ ደግሞ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ታክሲዎቹ ጮኸ፣ «ጉንዳን የጠፋበት አለ! ያያችሁ! ጥቁር ናት፣ ስድስት እግር!» ረዳቱ ከሚኒባሱ በር ላይ ሆኖ፣ «አስኮ ሞልቶ ሄዷል፣ እዚያ ይሆናል የተሳፈረችው!» አለው። አለፍኳቸው። ጆሮዬ ግሎ ነበር፤ ጆሮ ቢግልም ዓይን ግን መፈለጉን አይተውም።

ከጋሽ ጀይሉ ሱቅ ፊት ለፊት፣ አጠናው በተደገፈበት ግድግዳ ሥር፣ አገኘኋት።

ልክ እንደሰማሁት ነበረች። ቆማለች። ትልቅ፣ ጥቁር፣ ወርቅማ። የኋላ እግሯን አንስታ ክንፏን ወደ ፊት ትገፋዋለች፣ ትለቀዋለች፣ እንደገና ትገፋዋለች። አንዱ ክንፍ ወደቀ። እንደ ወረቀት ጎኗ ላይ ጋደም አለ። ሲሪንጁን አወጣሁ። ያኔ ነው ላነሳት የሚገባኝ። ግን ሦስት ክንፍ ይቀራታል፤ ትጨርስ አልኩ፤ ራሷ ትጨርስ። ተቀመጥኩና አየኋት። ሁለተኛው ወደቀ። እኔ በሐሳቤ ሳጥኑ ውስጥ ገብቻለሁ። ለመስቀል የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ይወለዳሉ፤ ትንንሽ፣ ፈሪ ይሆናሉ፤ ለገና ሃያ ይሆናሉ። ማር በክብሪት እንጨት ጫፍ አቀርብላቸዋለሁ። ሃፊዛ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ታያለች።

ጫማ መጣ። ጥቁር ቆዳ ጫማ፣ ጭቃ የያዘ፤ እላይዋ ላይ አረፈና ወደ ግራና ቀኝ ተሽከረከረ።

«ቢስሚላህ» አሉ ጋሽ ጀይሉ። «ልትነክስህ ነበር እኮ! እንደዚህ ያሉት ትልልቆቹ ሲነክሱ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚያሳክኩት። ምን ሆነህ ነው እዚህ የተቀመጥከው ልጄ? አሞሃል?»

«አላመመኝም ጋሽ ጀይሉ።»

«ፊትህ ልክ አይደለም። ግባ ለስላሳ ጠጣ።»

ምን ይባላል? በደግነታቸው ገደሏት። አመሰግናለሁ ብዬ ተነሳሁ። ጫማቸውን ሲያነሱ ምንም አልተረፈም፤ ሁለቱ ክንፎች ብቻ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ዞርኩ። እስከ ኳስ ሜዳው ሄድኩ፤ ሜዳው ላይ ወፎች ሞልተውታል። በየግድግዳው ሥር የተገኙት ወንዶቹ ናቸው፤ ቀጫጭን፣ ክንፋቸው እንዳለ በጎናቸው የተኙ፤ ሥራቸውን ጨርሰው የሞቱ። ንግሥት የለችም። ያሉት ወይ ተበልተዋል፣ ወይ ተረግጠዋል፣ ወይ ቀድመውኝ መሬት ውስጥ ገብተዋል። ደመናው እንደገና ሲከብድ ባዶዬን ተመለስኩ። በባዶው እግሬ ጠጠር ወግቶኝ እያነከስኩ ነበር።

የግቢውን በር ሳልፍ ሃፊዛ ከክፍሏ ጮኸችልኝ።

«አሥራ አንድ!»

አልገባኝም ነበር።

«አሥራ አንድ ይዣለሁ ታዲ! ና እይ!»

ገባሁ። የማርማላታ ጠርሙሱ በስፌት መኪናዋ መብራት ሥር ነው። ውስጡ ጥቁር፣ ወርቅማ፣ ትልልቅ፣ ክንፍ የሌላቸው፤ እርስ በርስ እየተረጋገጡ ይዞራሉ። ቆጠርኳቸው። አሥራ አንድ። የደንበኞች ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። አንዷ ትበቃኛለች ያልኩት ሰውዬ አሥራ አንድ!

«ሃፊዬ፣ አንቺ ሰው አይደለሽም» አልኳት። «ወላሂ ሰው አይደለሽም።»

«በል ደሞ አንተም ወላሂ ጀመርክ» ብላ ሳቀች። ፊቷ በራ። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። «ቀላል እንዳይመስልህ። ዶሮዎቹ አንድ በአንድ ከእጄ ላይ ሊነጥቁኝ! እትዬ ተሻለች ራሳቸው መጥረጊያ ይዘው አባረሩልኝ።»

ሲሪንጆቹን ከኪሴ አወጣሁ። ጥጥ ልቆርጥ መቀሷን ፍለጋ እጄን ጠረጴዛው ላይ ስሰድ አየሁት። ጥቁር የመጋረጃ ቁራጭ ላይ፣ በአንድ በኩል ተሰብስቦ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር። የሽንኩርት ልጣጭ ነው የመሰለኝ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ክንፋቸው ነዋ።»

«እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው የጣሉት?»

«ኧረ እኔ ነኝ ያወጣሁላቸው። በወረንጦ።» ክር መልቀሚያ ወረንጦዋን አንስታ አሳየችኝ። «ክንፍ የሌላት ነው የምፈልገው አላልክም? ቀስ ብዬ ነው ደግሞ፤ አንዷም አልተጎዳችብኝ።»

«ከየት ነው የያዝሻቸው?»

«ከቆጣሪው። ሲወጡ።»

ክንፎቹን ጎንበስ ብዬ አየኋቸው። ሃፊዛ ማድነቄ መስሏት ቀጠለች።

«አንዷ ብቻ ናት ባዶዋን የነበረችው። ልብስ ማጠቢያው ጋ ስትሮጥ አገኘኋት። እሷን ሳይ ነው፣ አሃ፣ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው ያልኩት። እሷን ናሙና አድርጌ ሌሎቹን በእሷ ልክ ሠራሁልህ።»

ናሙና። ደንበኛ የወደደውን ቀሚስ ያመጣል፤ እሷ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በሱ ልክ አሥር ታወጣለች። በዚህ ሥራዋ ስሟ እስከ ሎሚ ሜዳ የታወቀ ነው።

«እሷስ?» አልኩ። «ራሷ የጣለችው፣ የቷ ናት?»

«ከነሱ ጋር ጨመርኳታ።»

ጠርሙሱን አየሁት። አሥራ አንዱም አንድ ዓይነት ናቸው። አሥራ አንዱም ይዞራሉ። አንዷ ሰማይ ደርሳ የመጣች ናት፤ አሥሩ ከቤታቸው ደጃፍ ላይ የተያዙ። እና እኔ አምና ሰባት ይዤ ሁለት ወር እንደጠበቅሁት… አሁንም አሥራ አንዱን ይዤ ወር ከወር ልጠብቅ ነው፤ ያቺም በሰው እጅ ስትገላበጥ ውላ ትኖር ይሆን አትኖር ሳላውቅ።

የመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩ።

«ማን ንቀይ አለሽ? አንድ ነገር ነው የነገርኩሽ፣ አንድ! ዝም ብለሽ መጋረጃሽን አትሰፊም ነበር? አራት ዓመት ጠብቄያለሁ። ነገ ሲሚንቶ ይፈስበታል፣ ገባሽ? ሌላ ቀን የለኝም! ያችኑ አንዷን ብቻ ብታስቀምጪልኝ ምን ነበረበት? የማያውቁትን ነገር ለምን ይነካሉ?»

«ታዲ…»

«ተይኝ! ውሰጂያቸው። አሥራ አንዱንም ውሰጂ። ከፈለግሽ ለዶሮ ስጪ፣ ከፈለግሽ ቁልፍ አድርገሽ ስፊያቸው። ያንቺ ናቸው፤ እኔ አልፈልግም።»

ሃፊዛ አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር አወረደችና ጠቀለለችው። በደንብ ጠቀለለችው፤ ጫፉን ከውስጥ ሸጎጠች። ከዚያ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች፣ መብራቱን ዝቅ አደረገች፣ ነጭ የፖፕሊን ቁራጭ ዘረጋች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

ጠርሙሱን አዘንብላ አንዷን አስወጣችና የሻይ ብርጭቆ ደፋችባት። በብርጭቆው ቂጥ በኩል ጎንበስ ብላ አየቻት። ቀና አለች፤ ወደ ካርቶን ጨመረቻት። ሁለተኛዋን አስወጣች። ሦስተኛዋን።

«ሃፊዛ፣ በዓይን አይለይም እኮ።»

«የተተረተረና የተቀደደ አንድ አይደለም» አለች፣ ቀና ሳትል።

ጠጋ አልኩ። አራተኛዋን አሳየችኝ ማለት አልችልም፤ ብርጭቆውን አላነሳችም፣ አልሸፈነችም፣ እኔ ነኝ ያየሁት። ትከሻዋ ላይ፣ ክንፉ በነበረበት፣ የተረፈ ብጣሽ ቆሟል፤ ከልብስ ላይ ኪስ ገንጥለው ሲያወጡት እንደሚቀረው ያለ። አምስተኛዋም እንዲሁ። ስድስተኛዋ አንድ ጎኗ ላይ ረዘም ያለ ቅሪት አላት። ሃፊዛ እያንዳንዷን ታያለች፣ ወደ ካርቶን ትጨምራለች። ውጭ ነጎድጓድ ተሰማ። እትዬ ተሻለች ሲሚንቶው ላይ ያለውን ላስቲክ ሲያስተካክሉ፣ «ጉዲሳ ነገ በዝናብ ቀረሁ ቢል አንላቀቅም!» ሲሉ ይሰማል።

ዘጠነኛዋ ላይ ሃፊዛ ቆየች። ብርጭቆውን አዞረችው። መብራቱን ወደ ግራ አደረገች፣ ወደ ቀኝ መለሰች። እኔም አየሁ። የትከሻዋ ጠርዝ ለስላሳ ነው። ብጣሽ የለም፣ ጭረት የለም፤ አራት ትንንሽ ንጹሕ ምልክቶች ብቻ፣ ክሩ አንድ በአንድ ተለቅሞ የተፈታ ስፌት የሚተወው ዓይነት።

ለማረጋገጥ የቀሩትን ሁለቱንም አየቻቸው። የተቀደዱ ናቸው።

«እሷ ናት!» አልኩ። «ሃፊዬ፣ እሷ ናት! እንዴት… እኔ እኮ በዚህ አይቼ አላውቅም፣ ዩቲዩብ ላይም ማንም አላለም። በቃ አሁን ጨለማ ውስጥ እናስገባታለን፤ ሦስት አራት ሳምንት አትነካም። ከዚያ እንቁላል፣ ከዚያ ትሎቹ፤ ምግብ ራሱ አትፈልግም፣ የክንፏን ጡንቻ ከውስጧ እየበላች ነው ልጆቿን የምታሳድገው፣ ታውቂያለሽ? የማትፈልገውን ነገር ወደ…»

ሲሪንጁን ከእጄ ወሰደች። ውሃ አስገባችበት፣ ጥጡን ቆረጠችና ገፋችው፤ ልክ እኔ እንደማደርገው፣ ስንቴ አይታኝ ኖሯል። የብርጭቆውን ጠርዝ አነሳ አድርጋ አፉን አስጠጋች። ንግሥቷ ጠርዙን ነካካች፣ አመነታች፣ ገባች። በሌላ ጥጥ ዘጋችባት፤ አየር እንዲገባ ላላ አድርጋ። ወደ መብራቱ ከፍ አደረገቻት። ንግሥቷ እርጥቡን ጥጥ በአንቴናዋ ዳሰሰችና ተረጋጋች።

እጄን ዘረጋሁ።

ሃፊዛ ሲሪንጁን በጥቁሩ የመጋረጃ ቁራጭ ጠቀለለችው። ክንፎቹ መሬት ተበተኑ። ቦርሳዋን ከፈተች፣ የጎኑን ዚፕ ስባ አስገባችው፣ ዚፑን መለሰች። ለደንበኛ ዛሬ ማታ ልታደርስ ቃል የገባችው መጋረጃ ግማሹ ከመርፌው ሥር እንዳለ ነው፤ መኪናዋን ከላዩ ሸፈነችው። መብራቱን አጠፋች። ሻርፗን አጥብቃ ጠመጠመች፣ ጃንጥላዋን ከሚስማሩ ላይ አወረደች።

«ሃፊዛ» አልኩ። «ሃፊዛ፣ ወዴት ነሽ?»

በግቢው በኩል ወጣች። ዝናቡ ጀምሮ ነበር። እትዬ ተሻለች ከበረንዳ፣ «ምነው ዛሬ በጊዜ?» አሏት፤ ለእሳቸውም አልመለሰችም። በአሸዋው ክምር ጎን አለፈች፣ ጃንጥላዋን ሳትዘረጋ የግቢውን በር ከፈተች፣ ወጣች፣ በሩንም ቀስ ብላ ከኋላዋ ዘጋችው።